ከማረጥ በኋላ አጥንትን መጠበቅ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖሩ ሴቶች የመከላከያና የምርመራ መመሪያ

የአጥንት መሳሳት አጥንት እስኪሰበር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። ስለዚህም ብዙ ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት በቀላል አወዳደቅ የእጅ አንጓቸው፣ ዳሌያቸው ወይም የጀርባ አጥንታቸው ከተሰበረ በኋላ ነው። በዓለም አቀፍ ግምት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ በቀሪ ዘመኗ እንዲህ ያለ ስብራት ያጋጥማታል። ምርመራ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የአጥንትን እፍግታ የሚለካው ዴክሳ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ይሁንና መሣሪያው በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ የማይሆንላቸው እናቶች ጉዳዩን ከነጭራሹ ይተዉታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን መሣሪያው የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም ከሚል አቋም ተነስቶ ነው። በሜትር፣ በሚዛን፣ በቤት ግድግዳና በጥቂት ተገቢ ጥያቄዎች ከሥራው ትልቁን ክፍል እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ መጨረስ ይቻላል።

ከማረጥ በኋላ አጥንት ምን ይሆናል

በአጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የአፍራሾቹን ሥራ ገትቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ሴቲቱ አርጣለች ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን እጅግ ስለሚቀንስ ማፍረሱ ከመገንባቱ ይቀድማል። ጉዳቱ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ሲሆን፣ አንዳንድ ሴቶች በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ክምችታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ እርምጃው መጀመር ያለበት ጎበጥ ሲሉ ወይም ምርኩዝ ሲይዙ ሳይሆን የወር አበባ መዛባት በጀመረበት ወቅት ነው።

አንዲት ሴት ወደ ማረጥ የምትገባው በልጅነቷና በወጣትነቷ ባከማቸችው አጥንት ነው፤ ክምችቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። በወሎ ይህ ነጥብ የራሱ ክብደት አለው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የ14 እና የ15 ዓመት ልጃገረድ የነበረች ሴት ዛሬ ሃምሳ ዓመቷን አልፋለች፤ አጥንቷ ዋነኛ ግንባታውን ባካሄደበት ወቅት በቂ ምግብ ካላገኘች ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ያለፈውን መመለስ አይቻልም፤ ሐኪሙ ጉዳዩን በጊዜ እንዲያየው ግን ያደርጋል።

እርምጃ 1፦ የራስን ታሪክ በወረቀት ላይ ማስፈር

ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት፣ ራስዎ ወይም ፊደል የቆጠረ ልጅዎ የሚከተሉትን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ሁሉንም ለመጠየቅ ጊዜ ላያገኝ ይችላል፤ ተጽፎ የቀረበ ታሪክ ግን በአንድ ደቂቃ ይነበባል።

በመጀመሪያ ያረጡበትን ዕድሜ ይጻፉ። ከ45 ዓመት በፊት ያረጠች ሴት፣ ይልቁንም ከ40 ዓመት በፊት ያረጠች፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ሁለቱም የእንቁላል እጢዎቿ የወጡላት ሴት ከሌሎች ቀድማ መታየት ይገባታል። ማኅፀን ብቻ ወጥቶ የእንቁላል እጢ ከቀረ ነገሩ የተለየ ስለሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ምን እንደወጣልዎ የሚገልጸውን ወረቀት ፈልገው ያምጡ። የልደት ዘመንዎን በትክክል የማያውቁ ከሆነ በደርግ መግቢያ፣ በረሃቡ ዓመት ወይም በመጀመሪያ ልጅዎ ዕድሜ አስልተው የተቀራረበ ግምት ይስጡ፤ የሁለትና የሦስት ዓመት ስሕተት ውሳኔውን እምብዛም አይለውጠውም።

ቀጥሎ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የደረሰብዎትን ስብራት ሁሉ ይጻፉ፤ እንዴት እንደተሰበረም ይግለጹ። ከቁመት በማይበልጥ ከፍታ ወድቆ፣ ማለትም በእግር ሲሄዱ አዳልጦ ወይም ከአልጋ ሲወርዱ ተንሸራቶ የሚደርስ ስብራት ጤነኛ አጥንት ላይ ሊደርስ የማይገባው ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ስብራት «ክፉ አወዳደቅ ወድቄ ነው» ወይም «ቀን ሲጥል ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእኔ አመለካከት በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከማረጥ በኋላ በቀላል አወዳደቅ ዳሌዋ ወይም የጀርባ አጥንቷ የተሰበረ ሴት፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ ያለ መሣሪያም ቢሆን የአጥንት መሳሳት አለባት ለማለት ይበቃል።

ከዚያም እናትዎ ወይም አባትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደነበር፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም አረቄና ጠላ አዘውትረው የሚጠጡ መሆንዎን፣ የቁርጥማት በሽታ፣ የታይሮይድ መብዛት፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም ምግብ የማይፈጭ የአንጀት ሕመም ያለብዎት መሆኑን ያክሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋና ክብደት ስለሚቀንስ አዘውትረው የሚቅሙ ሴቶችም ሳያፍሩ ይንገሩ።

የመድኃኒት ዝርዝር ከሁሉም በጥንቃቄ መሞላት አለበት። እብጠትን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት በቀን 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ የወሰደች ሴት አጥንቷ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ተብሎ የታዘዘ፣ ወይም ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ ተገዝቶ «ያሻለኛል» በሚል የቀጠለ ዴክሳሜታዞንም እንዲሁ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ ቴኖፎቪር ያለበት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ሆርሞንም በዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ከእነዚህ ማንኛውንም መድኃኒት ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ብቻውን ለሕይወት ያሰጋል።

እርምጃ 2፦ በቤት ውስጥ የሚደረጉ አራት ልኬቶች

ቁመትዎን ጠዋት፣ ያለ ጫማ፣ ተረከዝና ጀርባ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይለኩ። ሌላ ሰው መጽሐፍ በራስዎ ላይ አግድም አድርጎ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ። በወጣትነትዎ ከነበረዎት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ከሆነ፣ ወይም በተከታታይ ልኬቶች መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰ፣ የጀርባ አጥንት ሳያሳውቅ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ አጥንት ስብራቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል በጊዜው ሳይታወቁ የሚያልፉ ናቸው። የቀድሞ ቁመትዎን ለማወቅ ፓስፖርት ሲያወጡ ወይም ለዓረብ አገር ሥራ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ የተጻፈ የቆየ ወረቀት ካለ ያገላብጡ። ከሌለ የዛሬውን መዝግበው ያስቀምጡና በየስድስት ወሩ ይለኩ።

ሁለተኛው የግድግዳ ፍተሻ ነው። ተረከዝዎንና መቀመጫዎን ከግድግዳ አስጠግተው ቀጥ ብለው ይቁሙና አገጭዎን ሳያነሱ ፊት ለፊት ይመልከቱ። የራስ ቅልዎ የኋላ ክፍል ግድግዳውን ካልነካ የላይኛው ጀርባ መጉበጥ ጀምሯል ማለት ነው። ሦስተኛው የጎድን ፍተሻ ሲሆን፣ ቆመው እጆችዎን ወደ ጎን ዘርግተው ሳለ ሌላ ሰው ከኋላዎ ሆኖ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ጣቶቹን ያስገባል። ሁለት ጣት የማይበቃ ክፍተት ከሆነ የታችኛው ጀርባ አጥንት ሳያጥር አልቀረም። ሁለቱም ፍተሻዎች በሽታውን አያረጋግጡም፤ የጀርባ ራጅ መነሣት እንዳለብዎት ግን ይጠቁማሉ።

አራተኛው ስሌት ነው። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይመዘኑና ከእሱ ላይ ዕድሜዎን ቀንሰው ውጤቱን ለ5 ያካፍሉ። ለምሳሌ የ58 ዓመት ሴት 50 ኪሎ ብትመዝን 50 ሲቀነስ 58 ከዜሮ በታች 8 ይሆናል፤ ለ5 ሲካፈል ከዜሮ በታች 1.6 ነው። ቀመሩ መጀመሪያ የተዘጋጀው ለእስያ ሴቶች ሲሆን፣ በእነሱ ዘንድ ከዜሮ በታች 1 እና ከዚያ ያነሰ ውጤት የጨመረ ሥጋትን፣ ከዜሮ በታች 4 እና ከዚያ ያነሰ ደግሞ ከፍተኛ ሥጋትን ያመለክታል። በአሜሪካ ግን ውጤቷ ከ2 በታች የሆነች ሴት ወደ ዴክሳ እንድትላክ ይመከራል። በአካባቢያችን ቀጠን ያሉ እናቶች ብዙ ስለሆኑ በአሜሪካው መስፈርት ከሄድን አብዛኞቹ ይጠረጠራሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ማንን አስቀድመን እንመርምር ለሚለው ጥያቄ መለያ እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

እርምጃ 3፦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ

ወረቀቱንና ልኬቶቹን ይዘው በቅድሚያ ወደሚመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማል፤ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ደሴ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። ሲቀርቡ ነገሩን በቀጥታ ይናገሩ፤ «ካረጥሁ ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል፣ ቁመቴ ይህን ያህል ቀንሷል፣ በዚህ ዓመት እጄ ተሰብሮ ነበር፣ የአጥንት መሳሳት እንዳለብኝ ታዩልኝ» ማለት «ወገቤን ያመኛል» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ወገብ የሚያመው ሰው ብዙ ስለሆነ ማስታገሻ ታዝዞለት ይሸኛል።

የጀርባ ራጅ ከጎን በኩል እንዲነሣ ይጠይቁ። ራጅ የተጨፈለቀ አጥንትን ያሳያል፤ መሳሳቱን ራሱን ግን የሚያሳየው 30 በመቶ ያህል ክምችት ከጠፋ በኋላ በመሆኑ፣ ደህና የሆነ ራጅ አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የደም ምርመራውም እንዲሁ ብዙ ሰው ያሳስታል። በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ደህና መሆኑ ስለ አጥንት ጥንካሬ ምንም አያረጋግጥም፤ ሰውነት የደሙን መጠን ለመጠበቅ ሲል ከአጥንት ይበደራልና። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ሌላ ምክንያት እንዳለ ለማየት ነው፦ የደም ቆጠራ፣ የደም ሕዋሳት የመዝቀጥ ፍጥነት (ESR)፣ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድና፣ ከተገኘ፣ የቫይታሚን ዲ ምርመራ።

የጀርባ ሕመም ሁሉ የአጥንት መሳሳት ነው ብሎ መደምደም በአካባቢያችን አደገኛ ነው። ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ የደም ማነስ ከኖረ ወይም ሕመሙ ሌሊት ተኝተውም የማይተው ከሆነ ካንሰርም ይጠረጠራል። እግር መዛልና መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አለመቆጣጠር ከተከተለ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

እርምጃ 4፦ ዴክሳ ለማን፣ እንዴት

ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ሴቶች ሁሉ፣ ከዚያ በታች ሆነው በእርምጃ 1 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ያለባቸው ደግሞ ቀደም ብለው ቢመረመሩ ይመከራል። በተግባር ግን ዋናው ጥያቄ ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል ወይ የሚለው ነው። በቀላል አወዳደቅ ዳሌዋ የተሰበረ የ70 ዓመት እናት ሕክምናዋን ለመጀመር አዲስ አበባ ድረስ መጉላላት አያስፈልጋትም። በአንጻሩ የ55 ዓመት፣ ስብራት የሌለባት፣ ግን ፕሬድኒሶሎን ስትወስድ የቆየች ሴት ከጉዞው ትጠቀማለች። ለሌላ ጉዳይ ወይም ልጅ ለመጠየቅ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ምርመራውን ከዚያ ጉዞ ጋር ማያያዝ ወጪውን ያቀላል፤ ከመነሣትዎ በፊት ግን ደውለው መሣሪያው እየሠራ መሆኑንና ዋጋውን ያረጋግጡ።

ምርመራው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ አያምም፣ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። በዋዜማው የካልሲየም እንክብል አይወሰድም። ዳሌና የታችኛው ጀርባ ሁለቱም እንዲለኩ ያስጠይቁ። ውጤቱ ቲ-ስኮር በሚባል፣ አጥንትዎን ከጤነኛ ወጣት ሴት አጥንት ጋር በሚያነጻጽር ቁጥር ይገለጻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት ከዜሮ በታች 1 እና ከዚያ የተሻለ ጤነኛ ነው፣ ከዜሮ በታች በ1 እና በ2.5 መካከል ያለው የቀነሰ አጥንት ነው፣ ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ የባሰ የአጥንት መሳሳት ነው። በተረከዝ ላይ በአልትራሳውንድ የሚደረግ ፈጣን ልኬት ሥጋትን ሊጠቁም ቢችልም በእሱ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም።

እርምጃ 5፦ ማዕድና ፀሐይ

ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ እስከ 70 ዓመቷ 600፣ ከዚያ በኋላ 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። አይብ ግን እንደሚታሰበው አይደለም፤ አሬራው ሲሞቅ ከካልሲየሙ ከፊሉ ወደ አጓቱ ስለሚሄድ አጓቱን መድፋት ኪሳራ ነው። ጤፍ በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲኖረው ዳጉሳ ከ300 በላይ አለው። ከጥሬ እህል ውስጥ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ሊጥ ሲቦካ ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ከቅጠላ ቅጠል ሐበሻ ጎመን ጥሩ ምንጭ ነው። ቆስጣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው፣ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የጎመንን ቦታ አይተካም።

የጾም ጉዳይ እዚህ ይመጣል። በኦርቶዶክስ ጾም ወተትና እንቁላል የሚቀሩበት ጊዜ ለምእመናን በዓመት እስከ 180 ቀን ስለሚደርስ፣ በእነዚያ ወራት ካልሲየሙ ከሌላ ቦታ መገኘት አለበት። ያልተላጠ ሰሊጥ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 90 ሚሊ ግራም አለው፤ ሰሊጥ ፍትፍት፣ የዳጉሳ እንጀራ፣ ጎመንና ሽሮ በአንድ ማዕድ ላይ ቢሰናዱ ጾሙ ባዶ አይሆንም። ይህም ሆኖ 1,200 ሚሊ ግራም መሙላት ይከብዳል፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ወቅት እንክብል መጠቀም ምክንያታዊ ነው። በረመዳን ለሚጾሙ እናቶች ወተትና እርጎ በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ተከፍሎ ሊወሰድ ስለሚችል ችግሩ ያነሰ ነው፤ ችግሩ ሱሁርን በሻይ ብቻ ማለፉ ላይ ነው።

የካልሲየም ካርቦኔት እንክብል ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል፤ ሰውነት ከዚያ በላይ በአንዴ አይቀበልም። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ይለፍ። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። «ለአጥንት» ተብሎ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ አይቀበሉ፤ በአውስትራሊያ የተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት የወሰዱ አረጋውያት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት እንደወደቁና እንደተሰበሩ አሳይቷል።

ስኒ ቡና አጥንት ያሳሳል የሚለው ሥጋት ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። ካልሲየም በበቂ የምታገኝ ሴት አቦልና ቶና ብትጠጣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ቡና ምግብን ሲተካ ነው ችግር የሚሆነው። ከቡናው ይልቅ ጨው የበዛበት ምግብ ካልሲየምን በሽንት ያስወጣልና እሱን መቀነስ ይበልጥ ያዋጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና በፍስክ እንቁላል ለአጥንቱም ለጡንቻውም ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ቫይታሚን ዲን በተመለከተ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ከጦሳ ግርጌ ብርድና ጉም ሲጸና ሰው ተሸፋፍኖ ወይም ቤት ውስጥ ይውላል። የጠዋቱ የ2 ሰዓት ፀሐይ ለሰውነት ቢጣፍጥም ቫይታሚን ዲ የሚያመርተው ጨረር በዚያ ሰዓት ደካማ ነው። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር፣ ክንድና እግር ተገልጦ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መቀመጥ ይመረጣል። ለብሰው ለሚሸፈኑ ሴቶች በግቢ ውስጥ ሰው በማያይበት ስፍራ እጅጌን መጠቅለል ይበቃል። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም።

እርምጃ 6፦ እንቅስቃሴ

የሰውነትን ክብደት በእግር ተሸክሞ መራመድ አጥንትን ያነቃል፤ የደሴ ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በቀን 30 ደቂቃ በፍጥነት መራመድ መነሻ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያስተካክል ልምምድ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጨመርበት። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት አሥር ጊዜ መነሣት፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ይዞ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆምና እግር መቀያየር በማንኛውም ቤት ይሠራሉ።

የጀርባ አጥንቷ የሳሳ ሴት ልትርቀው የሚገባው ወገብን አጉብጦ መሸከም ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እሱን ጎንበስ ብሎ ማንሣት የተዳከመ አከርካሪን ሊጨፈልቅ ይችላል። ውሃው በሁለት ትናንሽ ጀሪካን ይከፈል፣ በአጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብሎ መጥረግ በረጅም እጀታ ይተካ፣ ዕቃ ሲነሣ ጉልበት ይታጠፍ እንጂ ጀርባ አይታጠፍ። ስግደትም ሆነ ሶላት በተደጋጋሚ ወደ ፊት መታጠፍን ስለሚጠይቅ፣ የጀርባ አጥንት ስብራት የደረሰባት እናት የንስሐ አባቷን ወይም ሼሁን ታማክር፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ መጸለይን ይፈቅዳሉ።

እርምጃ 7፦ እንዳይወድቁ ማድረግ

የሳሳ አጥንት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በመውደቅ ነው፤ ስለዚህ ከእንክብል ቀድሞ የሚሠራው ቤቱን መፈተሽ ነው። በክረምት ጭቃ የያዘው ደረጃና ድንጋይ ላይ ነጠላ ጫማ አይደረግም፤ ተረከዝ የሚይዝና ከሥሩ ሻካራ የሆነ ጫማ ይግዙ። መጸዳጃው ከቤት ውጭ ከሆነ ማታ የሚወጡበት መንገድ መብራት ይኑረው፣ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ የእጅ ባትሪ ከትራስ ሥር ይቀመጥ፣ በመጸዳጃው ግድግዳ ላይ የሚጨበጥ እንጨት ወይም ብረት ይመታ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሣ፣ መሬት የሚነካ ቀሚስ ይጠር። የዓይን ሞራ ያለባት እናት ቦሩ ሜዳን ወደመሰለ የዓይን ሕክምና ወዳለው ሆስፒታል ትሂድ፤ ሞራው መገፈፉ መውደቅን ይቀንሳል። የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ተቀምጠው ጥቂት ይቆዩ።

እርምጃ 8፦ ስብራት ከደረሰ

ወድቃ መቆም ያቃታት፣ አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እናት ዳሌዋ ተሰብሯል ተብሎ ይታሰባል። ለማቆም ወይም ለማሸት አይሞከር፤ የተጎዳው እግር ከደህናው ጋር በነጠላ ወይም በሻሽ ታስሮ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝታ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው፤ የዳሌ ስብራት ግን በማሸትና በማሰር አይድንም፤ በጊዜ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት በአልጋ ላይ ስትቆይ ሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የመኝታ ቁስል ይከተላሉ። በእጅ አንጓ ስብራት ላይም አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አቋርጦ እጅ እስከ ማስቆረጥ ደርሷል፤ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስሩ ወዲያውኑ ይፈታ። ስብራቱ ከታከመ በኋላ ሐኪሙን «አጥንቴ ለምን ተሰበረ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ካልተነሣ ጀሶው ተፈቶ ወደ ቤት ይገባል፤ የሚቀጥለው ስብራት ደግሞ የመጀመሪያውን ተከትሎ በተለይ በሁለት ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

እርምጃ 9፦ መድኃኒትና ክትትል

በብዛት የሚታዘዘው አለንድሮኔት ሲሆን፣ መጠኑ በሳምንት አንድ ጊዜ 70 ሚሊ ግራም ነው። አወሳሰዱ ካልተጠበቀ ወይ አይሠራም ወይ ጉሮሮ ያቆስላል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጣል፤ በቡና፣ በሻይ፣ በወተት ወይም በማዕድን ውሃ አይሆንም። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉና ሳይተኙ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ። ቀኑን ከማይረሳ ነገር ጋር ማያያዝ ይጠቅማል፤ ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ የሚወጡ እናቶች ሰኞ ጠዋት ተነሥተው ቢውጡትና እስኪለባብሱ ቢቆዩ ሰዓቱ ይሞላል። በረመዳን መድኃኒቱ በኢፍጣር ሰዓት በውሃ ተወስዶ ምግቡ ለግማሽ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ምግብ ሲውጡ የሚያንቃቸው፣ 30 ደቂቃ መቀመጥ የማይችሉ ወይም ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሴቶች አይወስዱትም። የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመርዎ በፊት ይነቀል፤ የመንጋጋ አጥንት ጉዳት እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ቢሆንም ይደርሳል።

እንክብሉ ለማይስማማቸው በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ። በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ ውጤታማ ነው፤ ሆኖም ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ከተቋረጠ የጀርባ አጥንት በተከታታይ ሊሰበር ስለሚችል፣ በየስድስት ወሩ ያለማቋረጥ ማግኘት የማይችል ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ። ከ60 ዓመት በታች የሆኑና ካረጡ አሥር ዓመት ያልሞላቸው፣ ይልቁንም ከጊዜያቸው ቀድመው ያረጡ ሴቶች ስለ ሆርሞን ሕክምና የማኅፀን ሐኪም ያማክሩ፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላለባቸው ግን አይሰጥም።

አለንድሮኔት ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ከተወሰደ በኋላ መቀጠል አለመቀጠሉ እንደገና ይመዘናል፤ አነስተኛ ሥጋት ያለባት ሴት ልታርፍ ትችላለች፣ ስብራት የነበረባት ልትቀጥል ትችላለች። ዴክሳ ከተነሡ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መሣሪያ ላይ ይደገም፤ በተለያዩ መሣሪያዎች የተወሰዱ ቁጥሮች አይወዳደሩም። መሣሪያው ከሌለ በእርምጃ 2 የተለካው ቁመት በየስድስት ወሩ በአንድ ደብተር ላይ ይመዝገብ፤ ከቀነሰ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መድኃኒቱን ለዓመታት ስትወስድ የቆየች ሴት በብሽሽቷ ወይም በጭኗ ላይ አዲስ የደነዘዘ ሕመም ከተሰማት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትሂድና የሁለቱም ጭኖች ራጅ ትነሣ፤ ይህ ረጅም አጠቃቀም አልፎ አልፎ የሚያስከትለው የጭን አጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።